38 ዲግሪ

ጅማ ውስጥ «ወገቤን አመመኝ» ላለ ሰው ሦስት መልሶች ተዘጋጅተው ይጠብቁታል፤ ብርድ ነው፣ ኩላሊት ነው፣ ዲስክ ነው። የትኛው እንደሚደርሰው የሚወሰነው በመላሹ ነው። ጎረቤት ከሆነች ብርድ ነው፤ ዕድሜው የገፋ ዘመድ ከሆነ ኩላሊት ነው፤ አንድ ጊዜ ኤምአርአይ የተነሳ ሰው ከሆነ ደግሞ የራሱን ዲስክ ለሌላውም ያድላል። የእኔ ከሦስቱም አይደለም። አከርካሪዬ ወገቤ ላይ ወደ ግራ ይታጠፍና መሃል ጀርባዬ ላይ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ሐኪሞች ስኮሊዮሲስ ይሉታል። የታችኛው መታጠፊያ ሲለካ 38 ዲግሪ ሆኗል።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛና ከግድግዳው የተጣበቀ ረጅም መስተዋት አለኝ። ሰውነት ስለካ ስለምውል ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ሁለቱ ትከሻዎቹ በትክክል እኩል የሆኑ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ጠማማነት አያስደነግጠኝም። የሚያስመርረኝ ሕመሙ ነው። ሰው ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ጀርባዬ ቢቃና ሕመሙ በዚያው የሚጠፋ ይመስለዋል፤ እስካልተቃና ድረስ ደግሞ ከመታመም ሌላ ዕጣ የሌለኝ ይመስለዋል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ይህን ለመረዳት ብዙ ዓመት ስለፈጀብኝ፣ ሌላው እንዳይፈጅበት ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ ላውራ፤ ልኬት ነክ ነገር እወዳለሁ። አለካኩን ያስተዋወቀው ጆን ኮብ የሚባል አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1948 ነበር። ራጁ ላይ በመታጠፊያው ጫፍና ጫፍ ከሁሉም ይልቅ ያዘነበሉት ሁለት አጥንቶች ይመረጣሉ። በላይኛው አጥንት አናትና በታችኛው አጥንት ግርጌ መስመር ይሰመርና መስመሮቹ የሚፈጥሩት ማዕዘን ይለካል። 10 ዲግሪ ካልሞላ ስኮሊዮሲስ አይባልም። እኔ ከዓመታት በኋላ በተነሳሁት ሌላ ራጅ ላይ 41 ተብሎ ተጻፈልኝ፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በማግስቱ ሐኪሙ ፈገግ ብሎ፣ ያንኑ አንድ ራጅ ሁለት ሐኪሞች ቢለኩት እንኳ እስከ 5 ዲግሪ ሊለያዩ እንደሚችሉ ነገረኝ። ወዲያው ገባኝ። የአንዲትን ሴት ወገብ ጠዋት ለክቼ ከምሳ በኋላ ብደግመው ሜትሬ ያንኑ ቁጥር አይሰጠኝም።

ዲግሪው ፈጽሞ የማይለካው ነገር ሕመሙን ነው። 50 ዲግሪ ይዞ ሥራውን ያለ ችግር የሚሠራ ሰው አለ፤ 20 ዲግሪ ይዞ ከአልጋ መነሳት የሚከብደው አለ። በማዕዘኑና በሕመሙ መካከል ያለው ዝምድና የላላ መሆኑን ሐኪሞችም ይናገራሉ። እኔን አያስገርመኝም፤ የሚያመኝ ማዕዘኑ ሳይሆን በማዕዘኑ ዙሪያ ሲደክም የሚውለው ሥጋ ነው። በግራ በኩል፣ መታጠፊያው ወደ ውጭ በሚገፋበት ጎን፣ ጡንቻው ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ ይውላል። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲሆን ማቃጠል ይጀምራል፤ ቀስ ብሎ ከጎድኔ በታች ይሰፋል። በቀኝ በኩል ወገቤ ጥልቅ እጥፋት አለው። እዚያ ያሉት ትንንሽ የአከርካሪ መገጣጠሚያዎች እርስ በርስ ስለሚጫጫኑ ሕመሙ ሌላ ዓይነት ነው፤ ረዘም ላለ ጊዜ ስቆም ይወጋኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ በመቀመጫዬ በኩል ወርዶ ጭኔ ድረስ ይዘልቃል። ግራው እረፍት ይፈልጋል፤ ቀኙ መንቀሳቀስ ይፈልጋል። ሁለቱን ማስታረቅ የዕለት ሥራዬ ነው።

ከሁለቱም በላይ ሦስተኛ ነገር አለ። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል፤ በዚያ ደረጃ ላይ ነርቮቹ ራሳቸው ይደነብራሉ። ጤነኛ ሰው ልብ የማይለውን ጥቂት ጫና እንደ አደጋ ቆጥረው ይጮሃሉ። እንቅልፍ ያጣሁ ቀን፣ ወይም የሱቁ ኪራይ ሊጨምር ነው የሚል ወሬ የሰማሁ ቀን፣ ያው ጀርባ እጥፍ ያመኛል። ራጅ ብነሳ ግን የትናንቱ ሥዕል ነው የሚወጣው። «እንግዲያው በሐሳብሽ ነው» የሚሉኝ አሉ። በሐሳቤ አይደለም። በሰውነቴ ነው፤ ሐሳብም ከሰውነት ውጭ የሚኖር ነገር አይደለም።

ነገሩ የታወቀው በአንድ ቀሚስ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ እናቴ ለበዓል ቀሚስ አሰፋችልኝ። ስለብሰው ጠርዙ በአንድ ወገን ከፍ፣ በሌላው ዝቅ አለ። እናቴ ቀሚሱን ጠቅልላ፣ እኔን በእጄ ይዛ፣ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ለጠብ ሄደች። ሴትዮዋ አንዲት ቃል ሳትመልስ ቀሚሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ግራና ቀኙን ለካች፤ እኩል ነው። ከዚያ እኔን አዙራ ቆማ ካየችኝ በኋላ «እትዬ፣ ቀሚሱስ ደህና ነው፤ ልጅቷን ሐኪም ቤት አሳዪያት» አለቻት። በኋላ መቀስ መያዝ የተማርኩት እሷው ዘንድ ነው።

የእናቴ ጸጸት ግን ከራጁ በላይ ቆየ። እንስራ አሸክሜያት ነው፣ ታናሽ ወንድሟን አሳዝያት ነው፣ አጎንብሳ ስታጠና ዝም ብያት ነው ስትል ኖረች። ዘመድ ሁሉ ደግሞ «ቀና በይ!» ይለኛል፤ ቀና ብዬ መሆኑን ማንም አያምነኝም። ስለዚህ ይህን ደግሜ ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ከስኮሊዮሲስ ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ መንስኤው አይታወቅም። በዘር በኩል ዝንባሌ አለው። በሸክም፣ በደብተር ቦርሳ ወይም አጎንብሶ በመቀመጥ እንደሚመጣ ግን ማስረጃ የለም። ከ10 ዓመት ዕድሜ በኋላ፣ ልጅ በፍጥነት ቁመት በምትጨምርበት ወቅት፣ አከርካሪው ወደ ጎን እየታጠፈ በዚያው በራሱ ዙሪያም ይጠመዘዛል። የጎድን አጥንቶቹ አብረው ስለሚዞሩ በአንድ ወገን ጀርባዋ ላይ ጉብ ያለ ነገር ይወጣል። ወንዶችንም ይይዛል፤ እየባሰ የመሄዱ ዕድል ግን በሴቶች ላይ በጣም ይበልጣል። እናቶች ጥፋተኛ ፍለጋ የሚያጠፉትን ጊዜ ልጅቷን ለማሳየት ቢያውሉት ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት፤ በእኛ አገር የሚጎብጥ ጀርባ ሁሉ የእኔ ዓይነት አይደለም። የአከርካሪ ቲቢ አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 ስለጻፈበት በስሙ የፖት በሽታ ይባላል። ቲቢው የአከርካሪውን አጥንት ፊት ለፊቱን ይበላውና አጥንቱ ወደ ፊት ይደረመሳል፤ ጀርባ ላይ ሹል ያለ ጉብታ ይወጣል። ሌሊት ማላብ፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የእግር መድከም አብረውት ሊመጡ ይችላሉ። ይህ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ የቲቢ መድኃኒት ደግሞ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ከጅማ ዙሪያ፣ ከማናና ከቀርሳ፣ ወደ ሱቄ ከሚመጡ እናቶች መካከል እንዲህ ያለ ጀርባ ያለውን ልጅ ወጌሻ ዘንድ ሲያመላልሱ የከረሙ አጋጥመውኛል። ወጌሻን አልንቅም። የጠነከረ ጡንቻዬን በቅቤ ሲያሹልኝ ሌሊቱን በሰላም አድሬ አውቃለሁ። ነገር ግን ምንነቱ ያልታወቀ አከርካሪ ላይ ጉልበት መጠቀም ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ወገቤን ያለ ሰው ወደ ክሊኒክ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው የዲክሎፌናክ መርፌ ነው። ያስታግሳል፤ አልክድም። የሚያስቀኝም የሚያስፈራኝም ግን «ኩላሊቴን ነው» ብሎ የመጣው ሰው ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የኩላሊት አይደለም፤ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ግን ሲዘወተሩ ኩላሊትን የሚጎዱ መድኃኒቶች ናቸው። ጨጓራም ያቆስላሉ፤ ጨጓራ የሌለበት ሰው በማይገኝበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የደም ግፊት ላለበት ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። እኔ ሕመሙ ክፉኛ ሲነሳብኝ ብቻ፣ ከምግብ ጋር፣ ለጥቂት ቀናት ወስጄ አቆማለሁ። ፓራሲታሞል በዝምታ የሚገድል አይመስልም፤ ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከሆነ ከ8 ፍሬ፣ ማለፍ ግን ጉበትን ያቃጥላል። ጠንካራውን ማስታገሻ፣ ትራማዶልን፣ ሐኪሜ ስለማይወደው እኔም አልወደውም፤ ለማቆም ከባድ ነው፣ ለብዙ ዓመት ሕመም የሚሆን መድኃኒትም አይደለም።

በጣም የጠቀመኝ መድኃኒት ሰው የሚሸሸው ነው። ማታ ማታ በትንሽ መጠን አሚትሪፕቲሊን ታዘዘልኝ። በከፍተኛ መጠን ለድብርት የሚሰጥ አሮጌ መድኃኒት ነው፤ በትንሹ ሲሆን የነርቭ ሕመምን ያረግባል፣ እንቅልፍም ይሰጣል። ወረቀቱን ለመድኃኒት ሻጯ ስሰጣት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለማን ነው?» አለችኝ። «ለጀርባዬ» አልኳት። ወረቀቱን እንደገና አየችው፤ እኔን ደግሞ ከእግር እስከ ራሴ። ጠዋት አፌን ያደርቀዋል፤ ጭኔ ላይ የሚወርደው መብረቅ ግን ቀንሷል። ይህን ያህል ካገኘሁ መድኃኒት ሻጯ የፈለገችውን ታስብ።

ጅማ ለጠማማ ጀርባ የተሠራች ከተማ አይደለችም። ባጃጁ አለ፣ ኮብልስቶኑ አለ፣ ከሁሉም በላይ ግን በርጩማው አለ። የጅማ በርጩማ ዝናው የታወቀ ነው፤ ከአንድ ግንድ፣ ብዙውን ጊዜ ከዋንዛ፣ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ ባለ ሦስት እግር፣ መቀመጫው ጎድጎድ ያለ። ዓይን ይማርካል። ለእኔ ግን ቁመቱ ችግር ነው። በርጩማ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ከዳሌዬ በላይ ይሆናል፤ ዳሌዬ ወደ ኋላ ይንከባለላል፤ የታችኛው አከርካሪዬ ይጎብጥና ያ የቀኝ እጥፋት ይጨመቃል። ቡና ደግሞ አንድ ሲኒ ጠጥቶ የሚነሱበት ነገር አይደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው፤ በመካከሉ ቆሎ አለ፣ ወሬ አለ፣ ጭስ አለ። ሦስተኛው ሲቀዳ እኔ ወሬውን ትቼ የጀርባዬን ብቻ ነው የምሰማው።

ታዲያ ወንበር አምጡልኝ ማለት ቀላል ይመስላል። አይደለም። ባልቴቶች በርጩማ ላይ ተቀምጠው እኔ በወጣትነቴ ከፍ ብዬ በወንበር ልቀመጥ? ትዕቢት ነው የሚመስለው። በዚያ ላይ ምክንያቱን ማስረዳት ሲጀመር ቡናው ሁሉ ስለ እኔ ጀርባ ይሆናል፤ አንዷ ጠበል ትመክራለች፣ አንዷ ማር በጥቁር አዝሙድ፣ አንዷ ደግሞ እንደኔ የነበረች፣ አሁን ግን የሞተች ዘመዷን ታስታውሳለች። ለዓመታት ያደረግሁት ሥራ መፈለግ ነው። ቡናውን እኔ ልቁላ፣ ቆሎውን እኔ ላዙር፣ ልጁን እኔ ልያዝ እያልኩ ስነሳ ስቀመጥ ጨዋ ሴት ተብዬ ተመሰገንኩ። በመጨረሻ አንድ እንጨት ፈልፋይ ዘንድ ሄጄ ቁመቱ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ የሚል በርጩማ አዘዝኩ። «ይሄማ የንጉሥ ዙፋን ነው!» ብሎ ሳቀብኝ። እግሮቹ ረጅም ሲሆኑ ወደ ውጭ ካልተከፈቱ እንደሚገለበጥ ነግሮኝ ሦስቱንም ሰፋ አድርጎ አወጣቸው። አማቴ ቤት ተቀምጧል። መጀመሪያ የሳቁበት አሮጊቶች፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ አሁን እኔ ከመድረሴ በፊት ይይዙብኛል።

ሱቁን በቀላሉ አስተካከልኩት። የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ በአራቱም እግሩ ሥር እንጨት አስገብቼ ከፍ አደረግሁት፤ አሁን ወደ መርፌው አላጎነብስም። የካውያውን ጠረጴዛ ደግሞ ሆን ብዬ ከመኪናው ርቆ ካለው ግድግዳ ጋር አስጠጋሁት። አንድ ስፌት በጨረስኩ ቁጥር ለመተኮስ መነሳት ግዴታዬ ነው። ረዳቴ መጀመሪያ ላይ «ሁሉን ነገር አጠገብሽ ካላደረግሁልሽ» እያለች ትለምነኝ ነበር፤ ለእኔ አዝና። ዕረፍት ማለት መቀመጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የእኔ ሕመም ከሥራ ይልቅ አንድ ዓይነት ሆኖ መቆየትን ይጠላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ምንም የማያመኝ ቀን ነው፤ ያን ቀን የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ልጨርስ ያሰኘኛል። ስለዚህ በደህናውም በክፉውም ቀን መነሻ ሰዓቴን አልቀይርም፤ ደንበኛ ቢቆጣም።

ፊዚዮቴራፒስቱ ያስተማረኝ እንቅስቃሴ ለዓይን ምንም አይመስልም። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ አንድ እጅና ተቃራኒውን እግር ማንሳት፤ በጎን ተጋድሞ በክርን ላይ መነሳት፤ ከዚያ ደግሞ አተነፋፈስ አለ። የአተነፋፈሱ ሐሳብ የመጣው ከካታሪና ሽሮት ነው። እሷ ራሷ ስኮሊዮሲስ የነበረባት ጀርመናዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ማይሰን በምትባል ከተማ ሕሙማንን አሠልጥናለች። እስትንፋስን ወደ ተጨፈለቀው ወገን መላክ ነው ነገሩ። እጄን በተጎዳው ጎን ላይ አድርጌ፣ አየሩ እጄን እስኪገፋው ድረስ ቀስ ብዬ እስባለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እጄ አልተነሳም። ያ ጎን መተንፈስ የተወ ነበር። አሁን ይነሳል፤ ራጁ ግን አልተለወጠም፤ ይለወጣል ብሎም ቃል የገባልኝ የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ሥር ለሰደደ የታችኛው ጀርባ ሕመም መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው የሚመለከተው የተለየ መንስኤ ያልተገኘለትን ሕመም ስለሆነ በቀጥታ ለእኔ የተጻፈ አይደለም። ቢሆንም ለብዙዎቻችን የሚሆን ነገር አለበት፤ የእንቅስቃሴ ሥልጠናንና ስለ ሕመሙ መማርን ይደግፋል፤ የወገብ ቀበቶን፣ የመጎተት ሕክምናንና እንደ ትራማዶል ያሉትን ኦፒዮይድ መድኃኒቶች አይመክርም። ከውጭ አገር ዘመዴ የላከችልኝ ቀበቶ አለኝ። ረጅም መንገድ ስሄድ አጠልቀዋለሁ፤ ይሞቃል፣ ሌላ ጥቅሙን አላየሁም። ስለ እንቅልፍም ምክሩ ብዙ ነው፤ «መሬት ላይ ተኚ» የማይል የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ስፔን ውስጥ በ313 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት የተሻለ ሆኖ ያገኘው ግን በጣም ጠንካራውን ፍራሽ ሳይሆን መካከለኛውን ነው። መሃሉ የጎደጎደ ስፖንጅ ግን መካከለኛ አይባልም።

ዝናቡስ? ጅማ ሆኖ ስለ ዝናብ አለመናገር አይቻልም። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የጀርባ ሕመምተኞችን ከአየር ሁኔታው መዝገብ ጋር አስተያይቶ ዝናብም እርጥበትም ሕመሙን እንደማያስነሱ ደምድሟል። አንብቤዋለሁ፤ አምኛለሁም። ሐምሌ ላይ ግን ያመኛል። ምናልባት ጭቃውን ፈርቼ መራመድ ስለማቆም ይሆናል፤ በበጋ ወደ ጅረን የሚወስደውን ዳገት እያዘገምኩ እወጣለሁ፣ በክረምት ከቤት ሱቅ በባጃጅ ነኝ። ጎረቤቴ እማማ ይህን ሁሉ ማብራሪያ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «እሱማ ብርድ ነው፣ ልጄ» ይሉኛል።

ሕመሙ በሌሊት ሲነሳ የማደርገው ይህ ነው። ከቁራጭ አቡጀዲ የሰፋሁት፣ የክንድ ርዝመት ያለው ከረጢት አለኝ። ደረቅ ጨው በብረት ምጣድ አሙቄ እሞላዋለሁ፤ በድርብ ፎጣ ጠቅልዬ ከግራ ጎኔ ሥር አስገባዋለሁ። ጨርቁ ድርብ ካልሆነ ቆዳ ያቃጥላል። ከዚያ በጀርባዬ ተኝቼ እግሮቼን ወንበር ላይ እሰቅላለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ አካባቢ «ምን ላድርግልሽ?» እያለ አብሮኝ ያነጋ ነበር፤ አሁን ጨውን ያሞቅና ተመልሶ ይተኛል። ይህን እኔው ነኝ የጠየቅሁት። የሚያዝን ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ እሱን ማጽናናትም የእኔ ሥራ ይሆናል።

ቀዶ ሕክምና ለምን አልተደረገልሽም የሚለኝ ሰው ስላለ እሱንም ልመልስ። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ተማከርኩ፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ፣ የጊቤን በረሃ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ መውጣት ለጀርባ የራሱ ፈተና ነው። ሐኪሙ በእርጋታ አስረዳኝ። ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው የሚታሰበው መታጠፊያው ከ45 ወይም ከ50 ዲግሪ ሲያልፍ ነው፤ ዕድገት ካቆመ በኋላም ቢሆን የመሃል ጀርባ መታጠፊያ ከ50 ካለፈ በዓመት አንድ ዲግሪ ያህል እየጨመረ ሊሄድ ይችላል፤ በጣም ሲበዛ ደግሞ ሳንባን ይጫናል። ብረትና ብሎን ገብቶ አጥንቶቹ እንዲያያዙ ይደረጋል። መታጠፊያውን ያስተካክላል፤ ሕመሙን ሙሉ በሙሉ ያጠፋል ብሎ ግን ማንም ዋስ አይሆንም። ለከባዱ ጉዳት ግን ሕይወት ማዳኛ ነው። ዶክተር ሪክ ሆድስ የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም ለብዙ ዓመታት አዲስ አበባ ተቀምጠው፣ አከርካሪያቸው ክፉኛ የተጣመመ ኢትዮጵያውያን ልጆችን አክራ፣ ጋና ወዳለው ፎኮስ ሆስፒታል ሲልኩ ኖረዋል። እኔ ከዚያ መሃል አይደለሁም። ከመካከለኞቹ ነኝ፤ ለቀዶ ሕክምና የማንበቃ፣ ለ«ምንም የለብሽም» ደግሞ የማንመች። ስለ እኛ የሚወራው ጥቂት ነው፤ ብዙው ሰው ግን ከእኛ ወገን ነው።

በልጆች ላይ ግን ነገሩ ይለያል፤ እነሱ ገና ስላላደጉ ጊዜ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት፣ በማደግ ላይ ያሉ ልጆች ጠንካራውን የፕላስቲክ ድጋፍ ሲለብሱ በ72 በመቶው ላይ መታጠፊያው ለቀዶ ሕክምና የሚያበቃ ደረጃ ሳይደርስ ማደጋቸውን አሳይቷል፤ ክትትል ብቻ ከተደረገላቸው ልጆች ይህን ያገኙት 48 በመቶ ናቸው። ያ ድጋፍ በፋርማሲ ከሚሸጠው ቀበቶ ጋር ዝምድና የለውም። በልክ የሚሠራ፣ ዋጋው የማይቀመስ፣ በቀን አብዛኛውን ሰዓት የሚለበስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው መታጠፊያው ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ባለበት፣ ልጅቷ ማደግ ሳታቆም ነው። ካቆመች በኋላ አይጠቅምም።

ነሐሴ ሲገባ ሱቄ በዩኒፎርም አሰፊ ይሞላል። ልኬት ስወስድ እናቲቱን አስፈቅጄ ልጅቷን እግሮቿን ገጥማ፣ እጆቿን አንጠልጥላ ወደ ፊት እንድታጎነብስ አደርጋታለሁ። ዊልያም አዳምስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ19ኛው መቶ ዘመን የገለጸው ምርመራ ነው፤ ከዓይን ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም። ከኋላዋ ሆኜ ጀርባዋን በአግድም አየዋለሁ። አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ካለ ራጅ እንድትነሳ እነግራቸዋለሁ። እናቶች የሚቆጡኝ ጊዜ አለ፤ «ልጄን ጎባጣ አልሽብኝ» ብላ ጨርቋን ይዛ የሄደች አለች። ተመልሳ የመጣችም አለች። ልጇ ድጋፉን አግኝታ ለብሳለች፤ ዩኒፎርሟን የሰፋሁት ድጋፉን እንዳደረገች ለክቼ ነው። ከሥሩ የምትለብሰው ጥጥ ካናቴራ ግን መከራ አሳየን። የጎን ስፌቱ ፕላስቲኩ በሚጫንበት ቦታ ቆዳዋን ላጠው። አሁን ስፌቱን ወደ ውጭ ገልብጬ፣ ከጎን አንስቼ ወደ ፊት አዙሬዋለሁ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልላጣትም። ሌላ ልጅ የድጋፍ ልብስ ካላት ካናቴራዋን ይዛ ትምጣ፤ የስፌት አላስከፍልም፣ ጨርቁ ግን ጥጥ ይሁን።